ደመወዝን በሕግ ስለ መወሰን

ሰው በጉልበቱና በዕውቀቱ ሠርቶ የሚያገኘው ዋጋ የኑሮው መሠረት ነው። እንጀራው፥ ልብሱ፥ የቤቱ ኪራይና የልጆቹ ትምህርት ሁሉ ከዚሁ ዋጋ ይወጣሉ። ይህን ያህል ክብደት ያለው ነገር ለአሠሪና ለሠራተኛ ስምምነት ብቻ ይተው? ወይስ መንግሥት በመካከላቸው ገብቶ ከዚህ አይነስ፥ ከዚያም አይብለጥ ብሎ በሕግ ይወስነው? ጥያቄው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሲነሣ እንሰማለን። አንዳንዱ ከርኅራኄ ተነሥቶ ይወሰን ይላል፤ አንዳንዱም የንግድን ነጻነት አስቦ ይተው ይላል። እኛ ግን ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ታሪክን ምስክር አድርገን ብንጠራ ይሻላል ብለን እናምናለን። ጉዳዩ እጅግ አሮጌ ነውና፥ የቀደሙት ሰዎች ያደረጉትን ሳያውቁ መፍረድ እነርሱ የወደቁበት ጉድጓድ ውስጥ መልሶ መውደቅን ያመጣል።

በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን፥ ስለ አገራችን የምንጠቅሰው ግን በአገራችን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንለምናለን። ዝቅተኛውን የደመወዝ ወሰን ወለል፥ ከፍተኛውን ጣሪያ እያልን እንጠራለን።

የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ሕግ የቀን ሠራተኛን ዋጋ በቁጥር ለይቶ ያስቀምጣል። ከዓመቱ መጀመሪያ እስከ አምስተኛው ወር ድረስ በቀን ስድስት፥ ከስድስተኛው ወር እስከ ዓመቱ ፍጻሜ ደግሞ በቀን አምስት የገብስ ቅንጣት የሚመዝን ጥሬ ብር እንዲከፈለው ያዛል። ይሁን እንጂ ከዚህ ያሳነሰ ወይም ያስበለጠ ሰው ምን እንደሚደረግ ሕጉ አይናገርም። ስለዚህ ወለል ነው ወይስ ጣሪያ ብሎ መከራከር ይቻላል። በኋላ የመጡት ነገሥታት ግን ነገሩን እንዲህ አሻሚ አድርገው አልተዉትም።

ዲዮቅልጥያኖስ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ዘመነ ሰማዕታት የሚባለው የሚቆጠረው እርሱ ከነገሠበት ከ284 ጀምሮ ነው። ይህ የሮም ንጉሠ ነገሥት በ301 ከአንድ ሺህ ለሚበልጡ ዕቃዎችና የሥራ ዓይነቶች የመጨረሻውን ከፍተኛ ዋጋ የሚወስን አዋጅ አወጣ። በአዋጁ መሠረት የእርሻ ሠራተኛ ምግቡን ከአሠሪው እየበላ በቀን ከ25 ዲናር፥ አናጢም ምግቡን እየበላ ከ50 ዲናር በላይ እንዳይቀበል ተወሰነ። መምህራንም አልቀሩም። የሒሳብ መምህር ለአንድ ተማሪ በወር 75፥ የሰዋስው መምህር 200፥ የንግግር ጥበብ መምህር 250 ዲናር ተመደበላቸው። ከዚህ ያለፈ ሰው ቅጣቱ ሞት ነበር።

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ? ገንዘቡ ዋጋውን አጥቶ ነበርና ነው። በመዳቡ ላይ የሚለበጠው ብር ከዘመን ወደ ዘመን እየሳሳ ሲሄድ፥ ነጋዴውና ሠራተኛው ለዚያው ዕቃና ለዚያው ሥራ ብዙ ዲናር መጠየቃቸው የግድ ሆነ። ንጉሡ ግን በሽታውን ትቶ ምልክቱን በሰይፍ ሊያድን ተነሣ። በዚያው ዘመን የነበረው ክርስቲያኑ ጸሓፊ ላክታንትዮስ፥ ሰዎች ከፍርሃት የተነሣ ዕቃቸውን ከገበያ እንደ ሸሸጉ፥ ውድነቱም ከፊተኛው ይልቅ እንደ ባሰ፥ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ አዋጁ በራሱ ጊዜ እንደ ቀረ ጽፏል። ጸሓፊው የንጉሡ ወዳጅ ስላልነበረ ቃሉን በጥንቃቄ መቀበል ይገባል፤ ነገር ግን አዋጁ እንዳልጸና የታወቀ ነው።

ከዚህም የበለጠ ትምህርት የሚሰጠን የእንግሊዝ አገር ታሪክ ነው። በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ወደዚያች አገር ገብቶ በሁለት ዓመት ያህል ጊዜ የሕዝቡን ሲሶ፥ ምናልባትም እኩሌታውን ፈጀ። የሚያርስ፥ የሚያጭድ፥ ከብት የሚጠብቅ ሰው ታጣ። እህል ሲጠፋ እህል እንደሚወደድ፥ ሰው ሲጠፋም ጉልበት ይወደዳል። ከመቅሠፍቱ የተረፈው ድኻ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋውን ራሱ ሊጠይቅ የሚችልበት ቀን መጣለት።

ንጉሡ 3ኛ ኤድዋርድ ግን በሰኔ ወር 1349 ትእዛዝ አወጣ፤ በ1351ም ፓርላማው ትእዛዙን አጠንክሮ ሕግ አደረገው። ዕድሜው ከ60 ዓመት በታች የሆነ ጤነኛ ሰው ሁሉ የሚተዳደርበት ሀብት ወይም የራሱ ሙያ ከሌለው ለሚፈልገው ጌታ እንዲሠራ፥ ደመወዙም ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳይበልጥ ታዘዘ። ሣር አጫጅ በቀን 5 ፔኒ፥ ዋና አናጢ 3 ፔኒ ተቆረጠላቸው። እምቢ ያለ ሠራተኛ እግሩ በግንድ ተጣብቆ በየመንደሩ አደባባይ ይቀመጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንወዳለን። ያንን ሕግ የመከሩት፥ ያወጡትና ዳኛ ሆነው ያስፈጸሙት ባለርስቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ደመወዝ የሚከፍለው ወገን ብቻውን ተሰብስቦ ልክፈል የሚለውን ጻፈ፤ ደመወዝ የሚቀበለው ግን በሸንጎው ውስጥ አልነበረም። ይልቁንም የሚያስገርመው፥ መከሩ ደርሶ እህሉ በማሳ ላይ ሊረግፍ ሲቃረብ፥ ከነዚያው ባለርስቶች ብዙዎቹ የጎረቤታቸውን ሠራተኛ ለመሳብ በስውር ብልጫ ይከፍሉ እንደ ነበር ነው። ሠራተኛው ግን በአደባባይ ይቀጣ ነበር።

ቂሙ ሠላሳ ዓመት ተጠራቅሞ፥ በላዩም የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጨመርበት፥ በሰኔ ወር 1381 የኤሴክስና የኬንት ገበሬዎች ተነሥተው ወደ ሎንዶን ገቡ። የ14 ዓመት ልጅ የነበረው ንጉሥ 2ኛ ሪቻርድ ማይል ኤንድ በተባለው ስፍራ ሲቀበላቸው፥ ገባርነት እንዲቀር፥ ሰውም በፈቃዱና በውል እንጂ በግዴታ እንዳይሠራ ለመኑት። ንጉሡ እሺ አለ። በማግሥቱ ግን መሪያቸው ዋት ታይለር በንጉሡ ፊት ተገደለ፥ የተሰጠውም ቃል ተሻረ። የደመወዙ ሕግ ለዓመፁ ብቸኛ ምክንያት ነበር አንልም፤ ዓመፁን ካበሰሉት ነገሮች አንዱ ግን እርሱ ነበር።

ጣሪያው ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1563 የወጣው ሕግ የየአውራጃው ዳኞች በየዓመቱ ተሰብስበው የዘመኑን ጥጋብና ረኀብ አይተው ደመወዝ እንዲወስኑ አዘዘ። ከተወሰነው በላይ የከፈለ አሠሪ 10 ቀን፥ የተቀበለ ሠራተኛ ግን 21 ቀን ይታሠር ነበር። ከፋዩ በገንዘብም ቢቀጣ፥ የእስሩ ልዩነት ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ በ1604 አንድ አዲስ ነገር ታየ። በጨርቅ ሥራ ላይ ከተወሰነው አሳንሶ የሚከፍል አሠሪ እንዲቀጣ ተደነገገ፤ ደግሞም ጨርቅ አሠሪ የሆነ ሰው ዳኛ ቢሆን እንኳ የሸማኔን ደመወዝ በሚወስነው ጉባኤ እንዳይቀመጥ ተከለከለ። በእኛ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ረጅም ታሪክ ውስጥ ከሚደነቁት ድንጋጌዎች አንዱ ይህ ነው። ለራሱ ጉዳይ ማንም ዳኛ አይሁን የሚለው የፍትሕ ሥርዓት ወደ ደመወዝ የገባበት በር ነውና።

የኋላ ኋላ አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ሕግ አውጪዎች በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ሲገቡ አማካሪዎቻቸው ሁልጊዜ አሠሪዎቹ መሆናቸውን ገልጦ ተናገረ። ደመወዝ የመወሰኑ ሥልጣን በ1813 ከዳኞች ተነሣ፥ ሁሉም ለገበያ ተተወ። ግንዱ ቀረ፤ ነገር ግን ረኀቡ አልቀረም። በየጓዳቸው ልብስ የሚሰፉ፥ ሰንሰለት የሚቀጠቅጡ ሴቶች ሌሊትና ቀን ሠርተው የዕለት ምግባቸውን የማያገኙበት ዘመን መጣ። ውል ነጻ ነው ይባል ነበር፤ ልጁ የራበው ሰውና ጎተራው የሞላለት ሰው የሚዋዋሉት ውል ግን በወረቀት ነጻ ቢሆን እንኳ በሆድ ነጻ አይደለም።

ስለዚህ አዲሱ መንገድ ከሩቅ አገር ተነሣ። ኒው ዚላንድ በ1894 የግልግል ዳኝነትን በሕግ አቆመች። የአውስትራልያዋ ቪክቶርያ በ1896 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስኑ ቦርዶችን ሠራች፤ በቦርዱም የአሠሪና የሠራተኛ ወኪሎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። በ1907 ደግሞ ዳኛው ሂጊንስ ስለ አንድ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ሲፈርድ፥ ፋብሪካው ስንት ሊከፍል ይችላል ብሎ ከመጠየቅ አስቀድሞ ሰው በሥልጡን አገር ለመኖር ስንት ያስፈልገዋል ብሎ ጠየቀ። የቤት እመቤቶች ቀርበው የዳቦውን፥ የሥጋውን፥ የኪራዩን ወጪ ተናገሩ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንደሚባለው፥ ችግሩን የሚያውቀው ወገን በራሱ አፍ ተናገረ። ዳኛውም ለቀን ሠራተኛ 7 ሽልንግ በቀን ወሰነ። እርግጥ ነው፥ ይህ ልክ የተቆረጠው ሚስትና ልጆች ላሉት ወንድ ነበርና የሴቶች ደመወዝ ለብዙ ዘመን ዝቅ ብሎ ቆየ። ሴቶቹ የቤቱን ወጪ ለመመስከር ተጠሩ እንጂ የራሳቸውን ደመወዝ ለመወሰን አልተጠሩም ነበር።

እንግሊዝም በ1909 እጅግ አነስተኛ ደመወዝ ለሚከፈልባቸው አራት ሥራዎች እንዲህ ያሉ ቦርዶችን አቆመች። በማግሥቱ ዓመት ክሬድሊ ሂዝ በተባለው ስፍራ አሠሪዎች የተወሰነውን ዋጋ ለማዘግየት ሲሞክሩ፥ ሰንሰለት ቀጥቃጮቹ ሴቶች በሜሪ ማካርተር መሪነት አሥር ሳምንት ሥራ አቁመው በሰዓት ሁለት ፔኒ ተኩል የሚለውን ውሳኔ አስከበሩ። ከአምስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ጣሪያን በድኻ ላይ የጫነች አገር በዚያ ቀን ወለልን ከእግሩ በታች አነጠፈች።

ወለልም ቢሆን ያለ ጥበብ ከተሠራ ይጎዳል። የአሜሪካ መንግሥት በ1938 በሰዓት 25 ሣንቲም የሚል ወለል ለአገሩ ሁሉ ሲያውጅ፥ ድኻ ለሆነችው ለፖርቶ ሪኮ ደሴትም ያው ቁጥር ተጻፈ። በዚያ በመርፌ ሥራ የሚተዳደሩት ሠራተኞች ከዚህ እጅግ ያነሰ ያገኙ ስለ ነበር ብዙ ሥራ ተዘጋ፤ በ1940ም ለደሴቲቱ ልዩ ኮሚቴ እንዲወስን ሕጉ ታረመ። በሌላ በኩል ደግሞ ያው የአሜሪካ ወለል በ2009 ወደ 7 ዶላር ከ25 ሣንቲም ከፍ ካለ በኋላ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሳይነካ ቆመ። ኑሮ እየተወደደ ቁጥሩ ከቆመ፥ ወለሉ በሕግ መጽሐፍ ይኖራል እንጂ ከሠራተኛው እግር በታች አይኖርም። ከአቅም በላይ የተሰቀለ ወለል ሥራ ይዘጋል፤ የተረሳ ወለልም እንዳልነበረ ይሆናል።

ጣሪያስ? በባለጸጎች ላይ ጣሪያ ለማኖር የሞከሩም አሉ። ፕሬዚደንት ሩዝቬልት በጦርነቱ ጊዜ በ1942 ማንም ሰው ግብር ከፍሎ ከሚተርፈው በዓመት ከ25,000 ዶላር የበለጠ ደመወዝ እንዳይኖረው ትእዛዝ ሰጡ፤ የአሜሪካ ምክር ቤት ግን በ1943 ሻረው። በስዊስ አገር በኅዳር ወር 2013 የአንድ ድርጅት ትልቁ ደመወዝ ከትንሹ ከ12 እጥፍ እንዳይበልጥ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከመቶ 65 እጅ ያህሉ እምቢ አለ። በግንቦት ወር 2014ም በሰዓት 22 ፍራንክ የሚለውን ወለል ከመቶ 76 እጅ የሚሆነው አልተቀበለም። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም ተጠይቆ ሁለቱንም በራሱ ድምፅ ስለ ጣለ፥ በዚያ ማንም ተገዶ አልተነሣም። ስለዚህ ባለጸጋን በደመወዝ ጣሪያ ከመከልከል ይልቅ በግብር ድርሻውን እንዲከፍል ማድረግ የተፈተነ መንገድ ይመስለናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛ ማኅበራት ከአሠሪዎች ጋር በኅብረት እንዲደራደሩ በሩን ከፈተ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የመንግሥት፥ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ወኪሎች የሚገኙበት፥ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ በጥናት እያየ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው የሚያሻሽል ቦርድ እንዲቋቋም ደነገገ። አዋጁ ቁጥሩን ራሱ አልጻፈም፤ ቁጥሩን የሚጽፈውን ሸንጎ ጻፈ። ከላይ የተመለከትነው ታሪክ ሁሉ ይህ አካሄድ የታወረ እንዳልሆነ ያስረዳናል። ነገር ግን ሸንጎ በወረቀት ሲጻፍ ገና ግማሹ ሥራ ነው፤ ወንበሮቹ የሚሞሉትና የሚሰሙት ከሆነ ብቻ ሙሉ ይሆናል።

እንግዲህ ሕግ ደመወዝን ይወስን ወይስ አይወስን ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። በድኻ ላይ የሚጫን ጣሪያን ታሪክ ፈርዶበታል። ወለል ግን ይገባል፤ ይኸውም በአገር አቅም ሲለካ፥ በየጊዜው ሲታደስ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚከፍለውና የሚቀበለው ወገን በአንድነት ተቀምጠው ሲመክሩበት ነው። ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ነገ እንዲህ ባለው ጉባኤ ብዕር የሚይዙ ሹማምንት፥ ዛሬም በትምህርት ቤት ያሉ ወጣቶች ይገኛሉ። ቁጥሩን ከመጻፋቸው በፊት ቀና ብለው በጉባኤው ዙሪያ ይመልከቱ። በዚያ ቁጥር የሚኖረው ሰው ከወንበሩ ላይ ከሌለ፥ ብዕራቸውን አስቀምጠው እርሱን ያስጠሩ።