ስደተኛው መሐንዲስና አንዱ ገዢው

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማርክ ብሩኔል፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1793 ዓ.ም. አብዮቱን ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በ1799 ዓ.ም. ደግሞ የመርከብ ገመድ የሚያልፍበትን የእንጨት መዘውር በመኪና ለመሥራት ያወጣውን ንድፍ ይዞ እንግሊዝ አገር ገባ። የባሕር ኃይሉ ንድፉን ተቀበለው። በፖርትስመዝ በተተከሉት 45 መኪናዎች አማካይነት 10 ሠራተኞች የ110ን ሥራ ለመሸፈን በቁ፤ በ1808 ዓ.ም. ብቻ 130,000 መዘውር ተመረተ።

ሙያው ይህን ያህል ቢከበርለትም ንግዱ ግን አልጸናም። በባተርሲ ያቋቋመው የእንጨት መሰንጠቂያ በ1814 ዓ.ም. በእሳት ጋየ። ጫማ ፋብሪካውም ዋና ገዢው የጦር ሠራዊቱ ነበርና በ1815 ዓ.ም. ሰላም ሲወርድ ምርቱ ተከምሮ ቀረ። በ1821 ዓ.ም. ብሩኔል በዕዳ ታሰረ። መንግሥት 5,000 ፓውንድ ሰጥቶ ያስፈታው፣ ወደ ሩስያ ለመሄድ ማሰቡ ከተሰማ በኋላ ነው። በ1825 ዓ.ም. የጀመረው የቴምዝ ወንዝ ዋሻ በ1843 ዓ.ም. ተመረቀ።

ማናችንም ብንሆን የሕንፃን ክብደት በአንድ ምሰሶ ላይ አንጥልም። ብሩኔል ግን ፋብሪካውን በአንድ ገዢ ላይ አቆመ። ስለዚህ በባዕድ አገር ድርጅት ለመክፈት የሚነሣ የሙያ ጓደኛችን፣ ንድፉን ከመዘርጋቱ አስቀድሞ ገዢዎቹን ይቍጠር።