ከግመል ጀርባ ወደ ሰው ትከሻ፦ የአሊዩ አምባ መንገድ ነጂዎችና ጫኞች

የጭነት መኪና ነጂ ከጫኝና አውራጅ ጋር ሲከራከር ያየ ሰው ጠቡ ከሞተር ጋር አብሮ የመጣ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን እጅግ የቆየ ነው። የጭነቱን ልክ የሚወስነው ማን ነው? መንገድ ላይ ቢዛባ ወይም ቢሰበር ተጠያቂው ያሰረው ነው ወይስ የነዳው? የሚሉት ጥያቄዎች በይፋት ቆላና በአንኮበር ደጋ መካከል ከመኪና በፊት ሲነሡ ኖረዋል።

በ19ኛው መቶ ዓመት አሊዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ የሚያርፍባት የአርጎባ፣ የሐረሪና የአፋር ነጋዴዎች ከተማ ነበረች፤ ገበያዋም ዓርብ ዓርብ ይቆም ነበር። ከባሕር ጨርቅና ብረታ ብረት፣ ከአሳል ሐይቅ ጨው ይመጣል፤ ወደ ባሕር ደግሞ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል። በአቅራቢያው በዓብዱል ረሱል የሚሸጡት ባሮች ግን ጫኝ አላስፈለጋቸውም፤ በእግራቸው ይነዱ ነበር።

ግመል የቆላ እንስሳ ነው። ሰፊ እግሩ አሸዋና ደረቅ ሜዳ ይወዳል፤ እርጥብ ድንጋይና ጭቃ ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ከዳገቱ ሥር በፋሬ ጭነቱ ከግመል ይወርድና ወደ አሊዩ አምባና ወደ አንኮበር በአህያ፣ በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ይወጣ ነበር። ያመጣው ሰውና የሚያወጣው ሰው የሚገናኙት በዚህች ቦታ ብቻ ነው። የግመሉ ባለቤት ዐይኑ ወደ ቆላው ነው፤ አራግፎ ለመመለስ ይቸኩላል። ተሸካሚው ደግሞ ያላሰረውን እስር፣ ያልመረጠውን ክብደት ይረከባል።

ይህን በግልጽ ያሳየው የሜጀር ሐሪስ ጉዞ ነው። ይህ እንግሊዛዊ መኰንን በ1833 ዓ.ም. (በ1841 እ.ኤ.አ.) መድፍ፣ ጠመንጃና ሌላም ገጸ በረከት ይዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲላክ ታጁራ ላይ ከግመል ባለቤቶች ጋር ብዙ ተከራክሯል። ሳጥኑ ከበደ፣ ቅርጹ አልተመቸም ይሉት ነበር። ሐሪስ ነገሩን እንደ ስግብግብነትና ተንኰል ቈጥሮታል። ፍርዱ ግን ሚዛናዊ አይደለም። የግመል ጭነት በግራና በቀኝ እኩል ካልሆነ የእንስሳው ጀርባ ይቈስላል፤ ጀርባው የቈሰለ ግመል ደግሞ በበረሃ መካከል ለባለቤቱ ከባድ ኪሳራ ነው። እምቢ ማለት የሙያው አካል ነበር።

በፋሬ ግን እምቢ ማለት አልተቻለም። ክረምቱ በገባበት በሐምሌ ወር የልዑካኑ ዕቃ ከግመል ወርዶ በንጉሡ ትእዛዝ በተሰበሰቡ 600 ያህል ሙስሊም ተሸካሚዎች ትከሻ ላይ ተጫነ። ሐሪስ ስለ እነዚህ ሰዎች የጻፈው እያጉረመረሙ እንደ ተጓዙ ነው። የማንኛቸውም ስም አልተመዘገበም፤ ያጉረመረሙበት ምክንያትም አልተጠየቀም። ሆኖም ማጉረምረማቸው ራሱ ምስክርነት ነው፦ የግመሉ ባለቤት ታጁራ ላይ ጮኾ የተከራከረበትን ክብደት እነርሱ አፋቸውን ይዘው ማውጣት ነበረባቸው።

በዓመቱ ለዚሁ የእንግሊዝ መልእክት ስንቅ ይዞ የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በአሊዩ አምባ ተቀምጦ በ1844 እ.ኤ.አ. ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳትሟል። ከእርሱ እንደምንረዳው በቆላና በደጋ መካከል ያለው በር የይፋት ገዥ የወላስማ መሐመድ ነበር። ያለ ወላስማው ፈቃድ ሰውም ዕቃም ሽቅብ አይወጣም፤ ነጂውና ተሸካሚው ሳይጣሉም ጭነት ለቀናት ተቀምጦ ሊከርም ይችል ነበር።

የግመል ባለቤቶች ጉልበት ከዚያም በኋላ አልደከመም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ በመጣ ጊዜ ፈቃድና ግመል እየጠበቀ ታጁራ ላይ ለብዙ ወራት ተጉላልቷል። በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስም ንጉሡን አላገኛቸውም፤ መናገሻው ወደ እንጦጦ ተዛውሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአሊዩ አምባ ዕድል ፈጥኖ ተለወጠ። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራው የደሴ መንገድም ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ወረደ። በዚያ መንገድ መኪናው ራሱ ቆላውንና ደጋውን አገናኘ፤ አዲስ አበባ ላይ የታሰረ ጭነት ደሴ እስኪደርስ ሳይፈታ ቁልቁለቱን ይወርድ ጀመር።