«ወሰን መግፋት» እያለን «ጄሪማንደር» ለምን?

ሰሞኑን አሜሪካ ውስጥ ከሚተላለፉ የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅቶች በአንዱ «ቴክሳስ ጄሪማንደር ተደረገች» ሲባል ሰማሁ። ሌላው ተናጋሪ በአማርኛ ላቅናው ብሎ «የኮንግረስ ድንበሮችን መልሶ መሳል» አለው። የፊተኛው አማርኛ አይደለም። የኋለኛው ቃላቱ አማርኛ ናቸው፣ ነገሩን ግን አይናገሩም። መሳልማ ሕፃንም ይሥላል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2025 ያደረገችው የሪፐብሊካን ፓርቲ አምስት ተጨማሪ መቀመጫ እንዲያገኝ አስቦ የምርጫ ክልሎችን ማፈራረስ ነው። ካሊፎርኒያም በዚያው ዓመት ለዲሞክራቶች በሚመች ካርታ መልስ ሰጠች። ይህን የሚያህል ጉዳይ የእርሳስ ሥራ ተብሎ ሲጠራ ያንገበግበኛል።

ቃሉን እንዳለ እንውሰደው የሚሉ አሉ። ፓርላማንና ኮምፒውተርን ወስደን የለም ወይ ይላሉ። ውሰት አልጠላም፤ ይህኛው ግን ለእኛ ጆሮ ባዶ ቀፎ ነው። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ፓርቲውን የሚጠቅም የምርጫ ክልል ሕግ ፈረመ። ከክልሎቹ አንዱ ተጠማዞ ሳላማንደር የምትባል እንሽላሊት መሰል ፍጥረት መሰለ፤ አንድ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮበት አተመው፤ የሰውየውና የእንስሳዋ ስምም ተጋባ። ጌሪ ራሱ ስሙን በ«ገ» ነበር የሚጠራው፣ «ጄ» ኋላ የመጣ ነው። እንስሳዋን አናውቃት፣ ሰውየውን አናውቀው፤ ስሙን ያውም ከነስሕተቱ የምንሸከምበት ምክንያት አይታየኝም።

«ዳግም ማካለል» የሚሉት ይሻላሉ። ከለለ፣ ክልል፣ አከላለል፤ ጥሩ ቤተሰብ ነው። (ለኢትዮጵያዊ አድማጭ «ክልል» ብቻውን ኦሮሚያን ወይም ሶማሌን ስለሚያስታውስ፣ ምርጫ ቦርዳችን እንደሚለው «የምርጫ ክልል» ብሎ መጨረስ ያስፈልጋል።) ነገር ግን ማካለል ሕግ ያዘዘው ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ሲቆጠር የተወካዮች ምክር ቤቱ 435 መቀመጫዎች እንደገና ይደለደላሉ፣ ክልሎቹም በሕዝብ ብዛት እንዲተካከሉ ይካለላሉ። ግዴታውንና ተንኮሉን በአንድ ስም ከጠራን ተንኮሉ ግዴታ መስሎ ያልፋል። «አድሏዊ አከላለል»ም ትክክል ነው፤ ግን የቢሮ ቃል ነው፣ ገበያ አይወጣም።

እኔ «ወሰን መግፋት» እላለሁ። ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ገበሬው በሬውን ጠምዶ ወሰኑ ጋ ሲደርስ ማረሻውን አንድ ፈር ወደ ጎረቤቱ ያስጠጋል። ለከርሞ ሌላ ፈር። በሁለቱ ማሳ መካከል የነበረው የሣር መስመር ይቀጥናል፤ አንድ ሌሊት ደግሞ የወሰኑ ድንጋይ ተነቅሎ ወዲያ ማዶ ተተክሎ ያድራል። ይህን ሰው «ወሰን ገፊ» እንለዋለን፣ ከዚህም የከፋ ስድብ በመንደሩ ጥቂት ነው።

ሥሩን ስናየው ደግሞ ይበልጥ ይበረታል። ከግዕዙ «ገፍዐ» ግፍም ይወጣል፣ ግፉዓንም። «ተገፋ» ስንል ቦታውን የለቀቀውንም የተበደለውንም ሰው ማለታችን ነው። ሥራውና በደሉ በአንድ ግስ ይነገራሉ፤ ጄሪማንደር ይህ የለውም።

አንድ ወዳጄ ተቃወመኝ። ወሰን ገፊ መሬቱ ይሰፋለታል፣ የምርጫ ክልል ግን በሕዝብ ቁጥር እኩል መሆን አለበት፣ ታዲያ ምኑን ገፋው? አለኝ። እውነቱን ነው፤ እዚህ የሚገፋው ሰው ነው። ናሽቪልን እንይ። የቴነሲዋ ዋና ከተማ በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ሆና ዲሞክራቱን ጂም ኩፐርን 20 ዓመት ያህል ወደ ኮንግረስ ላከች። በ2022 ሪፐብሊካኖች የያዙት የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ለሦስት ሸነሸናት፣ እያንዳንዱንም ቁራሽ ከሰፊ ገጠር ጋር አጣበቀው። ኩፐር አልወዳደርም አሉ፤ በኅዳር ሦስቱንም መቀመጫ ሪፐብሊካኖች ወሰዱ። መራጩ ከቤቱ ንቅንቅ ሳይል ጎረቤቱ ተቀየረበት። «መሸንሸን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ መሬት የምንሸነሽንበት ቃል ነው። ተቃራኒውን ዘዴ፣ የተቃዋሚውን ደጋፊ ሁሉ አንድ ክልል ውስጥ ጠቅጥቆ እዚያ ብቻ በሰፊ ድምፅ እንዲያሸንፍ ማድረግን፣ «ማጎር» ብንለው ያምርበታል።

ቃሉን ግን ያለ ቦታው አንበትነው። በማሳቹሴትስ ሪፐብሊካኖች ሲሶ ገደማ ድምፅ እያገኙ ከዘጠኙ የኮንግረስ መቀመጫ አንዱም የላቸውም። ደጋፊዎቻቸው በክፍለ ግዛቱ ሁሉ ተበታትነው ስለሚኖሩ ካርታውን እንዴት ቢያካልሉት አንድ ቦታ ላይ አብላጫ ለመሆን ይቸገራሉ። በጌሪ አገር መሆኑ ቢያጓጓም፣ ይህን ወሰን መግፋት ማለት ቃሉን ማርከስ ነው።

የናሽቪልን ነገር ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። «ወሰኗን ገፏት» ስላት ስለ ቃሉ አንድም ጥያቄ አላነሳችም።

«ታዲያ ሽማግሌ አልገባም? ዳኛስ የለም?» አለችኝ።

«አለ እማዬ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2019 አምስት ለአራት ተከፍሎ፣ ወሰኑ የተገፋው ለፓርቲ ጥቅም ከሆነ የፌዴራል ዳኛ አያየውም ብሏል።»

«የተገፋው ሰው ለማን አቤት ይላል?»

«ለክፍለ ግዛቱ ዳኛ» አልኳት፣ «እሱም አያለሁ ካለ።»