የሞተር ብስክሌት የፊት መብራት ታሪክና የሌሊት ጉዞ ደኅንነት

መብራት ለሌሊት ተጓዥ ሁለት አገልግሎት ይሰጣል። አንደኛው መንገዱን ለተጓዡ ማሳየት ሲሆን፣ ሁለተኛው ተጓዡን ለሌላው ማሳየት ነው። በመኪና የሚጓዝ ሰው ከሁለቱ አንዱ ቢጎድልበት ዙሪያውን የከበበው ብረት ጥቂትም ቢሆን ይከላከልለታል፤ የሞተር ብስክሌት ነጂ ግን ከገዛ አካሉ በቀር መከላከያ የለውም። በመሆኑም የዚህ አነስተኛ ተሽከርካሪ የፊት መብራት ታሪክ ከመኪናው ጋር ጎን ለጎን የተጓዘ ቢሆንም፣ የራሱ ችግርና የራሱ መፍትሔ አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የካርባይድ ዘመን

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ በ1885 በጀርመን አገር በቤንዚን ሞተር የሚንቀሳቀስ ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ በሠሩ ጊዜ፣ ዋናው ጥያቄ ሞተሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚል ነበር እንጂ የመብራት ጉዳይ አልነበረም። በ1894 የሂልደብራንድና ቮልፍሙለር ኩባንያ በሙኒክ ከተማ ሞተር ብስክሌት በብዛት እየሠራ መሸጥ ሲጀምር ግን ተሽከርካሪው ከፈጣሪዎቹ ግቢ ወጥቶ አውራ መንገድ ላይ ዋለ፤ ውሎም አመሸ። ያን ጊዜ ነጂው ከብስክሌት የተወረሰ የዘይት ፋኖስ ከማንጠልጠል የተሻለ ዘዴ አልነበረውም። የፋኖሱ ብርሃን ደካማ ከመሆኑም በላይ ነፋስና ንቅናቄ ያጠፋው ነበር።

ለውጡ የመጣው ከኬሚስትሪ በኩል ነው። ቶማስ ዊልሰን በ1892 በሰሜን ካሮላይና በኤሌክትሪክ ምድጃ ካልሲየም ካርባይድን በብዛት ለማምረት የሚያስችለውን መንገድ አገኘ። ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሲታይሊን የተባለውን ጋዝ ይሰጣል፤ ጋዙም ሲቀጣጠል ነጭና ብሩህ ነበልባል ይሆናል። ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህንኑ ጋዝ ከብየዳ ሥራ ጋር አያይዞ ያውቀዋል። የካርባይድ መብራት ከላይ የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከታች የካርባይድ ጽዋ ያለው ሲሆን፣ ነጂው በትንሽ ቡሎን የውሃውን ጠብታ እየመጠነ የነበልባሉን መጠን ይወስን ነበር። ከነበልባሉ በስተጀርባ የተተከለው መስታወት ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት ይልከዋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ጠባየ ብዙ ነበር። በብርድ አገር ውሃው ይረጋል፤ ከጉዞ በኋላ የኖራውን ዝቃጭ መጥረግ ግድ ነው፤ የጋዙ ቀዳዳ በጥላሸት ይደፈናል። ከዚህም የከፋው፣ ውሃው ቢዘጋም የረጠበው ካርባይድ ጋዝ ማመንጨቱን ወዲያው አያቆምም። ከ1904 ጀምሮ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ የተቋቋመው የፕረስት ኦ ላይት ድርጅት ጋዙን በአሴቶን አሟሙቶ በሲሊንደር እያሸገ መሸጡ ችግሩን አቃለለው እንጂ አላስወገደውም።

ኤሌክትሪክና የቮልት ጥያቄ

በአሜሪካ የኢንዲያን ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ በ1914 ኤሌክትሪክ ማስነሻና ኤሌክትሪክ መብራት ያለው ሄንዲ ስፔሻል የተባለ ሞዴል አቀረበ። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ የዘመኑ ባትሪ ግን ሸክሙን ሊችል ስላልቻለ ሞዴሉ ብዙ ሳይቆይ ቀረ። ሃርሊ ዴቪድሰን በበኩሉ በ1915 ሞዴሎቹ ላይ የኤሌክትሪክ መብራት አስገባ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ የበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ማግኔቶንና ዲናሞን በአንድ አካል ያጣመረውን ማግዳይኖ አቅርቦ፣ ኤሌክትሪክ በዚያ አገር ሞተር ብስክሌቶች ላይ እንዲስፋፋ አደረገ።

ከዚህ የሚወሰደው የመጀመሪያው ትምህርት፣ የሞተር ብስክሌት መብራት ታሪክ በይበልጥ የኃይል ምንጩ ታሪክ መሆኑ ነው። ብሩህ አምፑል መሥራት ከተቻለ በኋላም ትንሿ ዲናሞ ልትመግበው አልቻለችም። ቮልቱም 6 ብቻ በመሆኑ ችግሩ ተደራራቢ ሆነ። ለምሳሌ 36 ዋት አምፑል በ6 ቮልት 6 አምፔር ይስባል። የሽቦው፣ የማብሪያው ቁልፍና የዛጉት ማያያዣዎች ጠቅላላ ተቃውሞ 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 0.6 ቮልት ማለትም ከመቶ 10 እጅ በመንገድ ይቀራል። የክር አምፑል ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ቅናሽ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ የቮልት 10 በመቶ መጉደል የብርሃኑን 30 በመቶ ያህል ያሳጣል። ያው አምፑል ለ12 ቮልት ተሠርቶ ቢሆን 3 አምፔር ብቻ ስለሚስብ ኪሳራው 0.3 ቮልት፣ ይኸውም 2.5 በመቶ ብቻ ይሆን ነበር።

መሐንዲሶች ወደ 12 ቮልት የተሸጋገሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ትራያምፍ በ1953 ስፒድ ትዊን በተባለው ሞዴሉ ላይ ዲናሞውን በአልተርኔተር ተካ። በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ደግሞ ባለ 12 ቮልት ሥርዓትንና ኤሌክትሪክ ማስነሻን ይዞ በመምጣቱ፣ ከ55 ዓመት በፊት ኢንዲያን የተመኘው ነገር በአስተማማኝ ሁኔታ ተፈጸመ።

ብርሃንን ማረቅ

ብርሃን መብዛቱ ብቻ አይበቃም፤ ወደ ተፈለገበት መሄድ አለበት። የአንጸባራቂው ጎድጓዳ ቅርጽ ብርሃኑን ቀጥ አድርጎ የሚልከው የአምፑሉ ክር በትኩረት ነጥቡ ላይ በትክክል ሲቀመጥ ነው። ክሩ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢዛነፍ ብርሃኑ ይበተናል፤ ከፊት የሚመጣውንም ሰው ዓይን ይወጋል። በ1920ዎቹ አጋማሽ የኦስራም ኩባንያ ያወጣው ቢሉክስ አምፑል ለረጅምና ለአጭር መብራት ሁለት ክሮች ነበሩት። በአጭር መብራቱ ክር ሥር የተቀመጠች ትንሽ የብረት ጋሻ ወደ ላይ የሚወጣውን ብርሃን ትከለክል ነበር። በዛሬዎቹ ባለ ሁለት ክር የሃሎጅን አምፑሎች ውስጥ የምትታየው ጋሻ የዚችው ልጅ ናት።

ቀጥሎ የመጣው የሃሎጅን አምፑል ነው። በተራ አምፑል ውስጥ ተንግስተኑ በሙቀት እየተነነ መስታወቱን ያጠቁረዋል። በሃሎጅን አምፑል ግን በውስጡ ያለው ጋዝ የተነነውን ተንግስተን መልሶ ወደ ክሩ ያደርሰዋል። ስለዚህ ክሩ ይበልጥ ግሎ፣ ይበልጥ አብርቶ፣ መስታወቱም ሳይጠቁር ይሠራል። በ1962 ኤች 1፣ በ1971 ደግሞ 60 እና 55 ዋት ያለው ባለ ሁለት ክር ኤች 4 አውሮፓ ውስጥ ወጡ። አልተርኔተራቸው ይህን ያህል ለማይችል አነስተኛ ሞተር ብስክሌቶች 35 ዋት የሆነው ኤች ኤስ 1 ተዘጋጀ።

ባለ ሁለት ጎማው ብቻ ያለበት ችግር ደግሞ ማዘንበል ነው። ነጂው ወደ ግራ ሲታጠፍ ተሽከርካሪው ወደ ግራ ስለሚያዘነብል፣ የብርሃኑም ወሰን አብሮ ይጋደማል። በግራ በኩል፣ ማለትም ሊሄድበት ባለው አቅጣጫ፣ ብርሃኑ አጥሮ ይወድቃል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ሰማይ ይወጣል። ቢኤምደብልዩ በ2010 ባስተዋወቀው ኬ 1600 ሞዴል ላይ የተገጠመው ተስተካካይ መብራት የተሽከርካሪውን ዝንባሌ እየለካ በመስታወት አማካይነት ብርሃኑን ወደ ኩርባው ይመልሰዋል።

መታየት

በ1981 የወጣውና ሃሪ ኸርት የመራው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሎስ አንጀለስ አካባቢ ወደ 900 የሚጠጉ የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን በየቦታው መረመረ። ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር በተደረጉት ግጭቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሌላው ነጂ ቅድሚያ በመከልከሉ የደረሱ ሲሆን፣ ሞተር ብስክሌቱን አለማየት ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ማሌዢያ በ1992 ሞተር ብስክሌቶች ቀንም መብራት እንዲያበሩ አዝዛ፣ ከአለመታየት የሚመነጩት አደጋዎች 29 በመቶ ያህል መቀነሳቸው በጥናት ተረጋገጠ። ሕንድም ከሚያዝያ 2017 ጀምሮ ሞተሩ ሲነሣ መብራቱ አብሮ የሚበራበትን ሥርዓት ግዴታ አደረገች።

የታሪኩ ምክር

በ2014 የኖቤል ሽልማት ያስገኘው ሰማያዊ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ ነጭ የኤል ኢ ዲ መብራትን አስከተለ። በጥቂት ዋት ብዙ ብርሃን ስለሚሰጥ ለትንሽ አልተርኔተር የተፈጠረ ይመስላል። ይሁን እንጂ የኤል ኢ ዲ አምፑልን ለሃሎጅን በተሠራ አንጸባራቂ ውስጥ መትከል የቢሉክስን ትምህርት መርሳት ነው። የብርሃኑ ምንጭ ቅርጽና ቦታ ከክሩ ጋር በትክክል ካልተመሳሰለ፣ ለነጂው የደመቀ የሚመስለው መብራት ሩቁን ሳያሳይ መጪውን ያሳውራል።

ስለዚህ መብራቱን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ታሪኩ በሄደበት ቅደም ተከተል ቢሄድ ይጠቀማል። በመጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ በአምፑሉ እግር ላይ ያለውን ቮልት ከባትሪው ጋር አስተያይቶ ይለካ። ልዩነት ካለ የምድር መስመሩንና ማያያዣዎቹን ያጽዳ፤ በቀጥታ ጅረት የሚሠራ ከሆነም ከባትሪው በፊዩዝና በሪሌ አዲስ መስመር ይሳብ። ሁለተኛ፣ የደበዘዘ አንጸባራቂ ወይም ሌንስ ካለ ይቀይር። ሦስተኛ፣ አልተርኔተሩ ከሚችለው ያልበለጠ አምፑል ይምረጥ፤ ኤል ኢ ዲ ከፈለገም ለዚያው የተሠራ ሙሉ መብራት ይግጠም። በመጨረሻም ነጂው ከነጭነቱ ተቀምጦበት የብርሃኑ ከፍታ ይስተካከል፤ ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን የፊቱ መብራት ሽቅብ ይመለከታልና።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሒሳቡ አይቀርም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነጂ፣ ለማየትና ለመወሰን አንድ ሰኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ከ48 ሜትር ያላነሰ ያስፈልገዋል፤ በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ 90 ሜትር ያህል። ብርሃን በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ፣ የሚታየውን ርቀት እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ብርሃን ያሻል። ፍጥነት ግን በእጅ መያዣው ጥቂት ጥምዘዛ ይጨምራል።

በኢትዮጵያ በብዙ የክልል ከተሞች ሞተር ብስክሌት የሕዝብ ማመላለሻ እስከ መሆን ደርሷል። ከከተማ ውጭ ያለው መንገድ በአብዛኛው የመንገድ መብራት የለውም፤ እግረኛው፣ ጋሪውና ከብቱም የሚጓዙት በዚያው አስፋልት ላይ ነው። አህያና በሬ መብራት አይዙም፤ ከገበያ የሚመለሰው ገበሬም እንዲሁ። በዚህ መንገድ ላይ በጥሩ መብራት የሚድነው ሕይወት የነጂው ብቻ አይደለም። የመሐንዲሱም ሆነ የጋራዡ ባለሙያ ተግባር፣ የብርሃንን ብዛት ከብርሃን ጥራት ለይቶ ለባለ ንብረቱ ማስረዳትና በአንድ ሪሌና በጥቂት ሜትር ሽቦ ሊወገድ የሚችለውን አደጋ ማስወገድ ነው።