ፈረሱ ረከሰ፣ ባልደራሱ ግን አልረከሰም

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሻይ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ሰሞኑን ቨርጂኒያ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ በሜሴንጀር እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦ «ቲቸር፣ 2008 ሞዴል ቢኤምደብሊው ኤም5 አገኘሁ። አዲስ እያለ ከ80 ሺሕ ዶላር በላይ ነበር፤ አሁን 17 ሺሕ ነው የሚሉኝ። እጄ ላይ 21 ሺሕ አለ። ኮሮላዬንም እሸጣታለሁ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ፎቶውንም ላከልኝ። መኪናው ያምራል፤ አልዋሽም።

እኔ መኪና የለኝም። ትምህርት ቤት የምመላለሰው በባጃጅ ነው። ግን «80 ሺሕ የነበረው ነገር እንዴት 17 ሺሕ ሆነ?» የሚለው የታሪክ ጥያቄ ስለሆነ ወደ ሙያዬ መጣልኝ። ይህን የሚጠይቅ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ስለማውቅ ፈቃዱን ጠይቄ መልሱን ለሁላችሁም እዚህ ጻፍኩት። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

በመጀመሪያ ምኞቱን አልነቅፍም። አባቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። በጥሩ ፈረስ መቀመጥ ክብር ነበር፤ ዛሬ አንድ ወጣት በጥሩ መኪና መታየት ቢፈልግ ነውር የለውም። ነገር ግን በቤተ መንግሥት ከፈረሱ ጀርባ ባልደራስ የሚባል ሹም ነበር፤ የንጉሡን ፈረሶች የሚያስተዳድር። ገብሱ፣ ሣሩ፣ ኮርቻው፣ አሽከሩ ሁሉ በእሱ በኩል ነው። ፈረስ ብቻውን አይመጣም። «ባልደራስ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ጀርመን እንሂድ።

ቢኤምደብሊው ሥራ የጀመረው በመኪና አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር ይሠራ ነበር። ጀርመን ተሸንፋ የ1919ኙ የቬርሳይ ውል ሲመጣ (ይህችን ክፍል ውስጥ ስንቴ ጠይቄያችኋለሁ!) ያ ሥራ ታገደ። በ1923 ሞተር ብስክሌት ሠራ። በ1928 ደግሞ አይዘናህ ከተማ ያለ ፋብሪካ ገዝቶ መኪና ውስጥ ገባ፤ የመጀመሪያዋ መኪናም በእንግሊዙ ኦስቲን ፈቃድ የምትሠራ ትንሽዬ ነበረች።

ለጥያቄያችን ትልቁ ቁም ነገር ያለው ግን በ1950ዎቹ ነው። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ኩባንያው ትልልቅና ውድ መኪና ልሥራ ብሎ ተነሳ። ከነዚህ ሁሉ የምታምረው 507 የምትባለው ስፖርት መኪና ነበረች። ማክስ ሆፍማን የሚባል የኒውዮርክ አስመጪ «በ5 ሺሕ ዶላር ከመጣችልኝ አሜሪካ ውስጥ በብዛት እሸጣታለሁ» የሚል ተስፋ ነበረው። ፋብሪካው ሠርቶ ሲጨርስ ዋጋዋ እጥፍ ያህል ሆኖ ቁጭ አለ። ኤልቪስ ፕሪስሊ ጀርመን ወታደር ሆኖ በሄደ ጊዜ አንዷን ነድቷታል፤ ዝነኛ ነበረች ማለት ነው። የተሠሩት ግን 250 ገደማ ብቻ ናቸው። ኩባንያው በእያንዳንዷ ይከስር ነበር።

በዚያው ዘመን ያው ኩባንያ ከጣሊያን ፈቃድ ገዝቶ ኢሴታ የምትባል እንቁላል የምትመስል መኪና ይሠራ ነበር። በሯ ከፊት ነው የሚከፈተው፤ ሞተሯም አንድ ሲሊንደር ብቻ ነው። ሰው ይስቅባት ነበር። ግን ከ160 ሺሕ በላይ ተሸጠች! ቅንጦቱ ሲያከስር መሳቂያዋ ቤቱን ደጎመች።

እሷም ብቻዋን አልቻለችም። በታኅሣሥ ወር 1959 በተጠራው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ላይ ቢኤምደብሊው ለተቀናቃኙ ለዳይምለር ቤንዝ ተላልፎ እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበ። ትናንሽ ባለአክሲዮኖች ተነስተው ተከራከሩ፤ ሐሳቡ ወደቀ። ከዚያ ኸርበርት ክቫንት የሚባል ባለሀብት ገንዘቡን አፈሰሰ። በ1961 ለሕዝብ የታየችው መካከለኛዋ 1500 መኪና መጥታ ኩባንያው ከሞት ተረፈ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቅንጡ መኪና የሠሪውን ፋብሪካ እንኳን ሊያስዘጋ ደርሶ ነበር። መሐንዲሱም፣ መለዋወጫውም፣ ማሽኑም በእጁ ያለው ቤት ካልቻለ፣ በሌሊት ሥራ ገንዘብ የሚያጠራቅም አንድ ልጅ ከመግዛቱ በፊት ሁለቴ ማሰቡ ፍርሃት አይባልም።

ታሪኩ ይቀጥላል። በ1972 ኩባንያው ለውድድር መኪና ብቻ የሚሠራ ክፍል አቋቋመ። «ኤም» የምትለው ፊደል የመጣችው ከዚህ ነው፤ ሞተርስፖርት ለማለት። በ1978 ኤም1 የምትባል የስፖርት መኪና ወጣች። ከዚያ በ1985 የኤም1ን ሞተር አሻሽለው ቤተሰብ በሚጭን ተራ ባለ አራት በር መኪና ውስጥ ከተቱት። የመጀመሪያው ኤም5 ይኸው ነው፤ 286 የፈረስ ጉልበት። ከውጭ ሲያዩት የባንክ ሥራ አስኪያጅ መኪና ይመስላል፤ መሪውን የያዘው ሰውዬ ግን የውድድር ሞተር ላይ ነው የተቀመጠው። የተሠሩት 2,200 ገደማ ብቻ ናቸው። ኤም5ን ዝነኛ ያደረገው ይህ ድብቅነቱ ነው።

የተማሪዬ መኪና አራተኛው ትውልድ ነው፤ ከ2005 እስከ 2010 የተሠራው። ከ2000 እስከ 2005 ቢኤምደብሊው በፎርሙላ ዋን ውድድር ለዊሊያምስ ቡድን ባለ አሥር ሲሊንደር ሞተር ያቀርብ ነበር። «ያንን ድምፅ ለመንገድ መኪና እንስጠው» ብለው ባለ አምስት ሊትር፣ አሥር ሲሊንደር፣ 507 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሠሩ። (507! ያቺን ያከሰረቻቸውን መኪና አስታወሳችሁ? አጋጣሚ ይመስለኛል፤ ግን ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል።) ተራ መኪና በደቂቃ 6 ሺሕ ዙር ላይ ሲደክመው ይህ ከ8 ሺሕ ያልፋል። በ2005 እና በ2006 የዓለም ምርጥ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፦ መኪናው ገበያ ላይ በወጣ በዓመቱ ፎርሙላ ዋን ራሱ አሥር ሲሊንደሩን ትቶ ወደ ስምንት ወረደ። የነዳጅና የጭስ ሕጉም እየጠበቀ መጣ። በ2011 የተተካው ኤም5 ቱርቦ ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ሆነ። ስለዚህ የልጁ መኪና የአንድ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ከሱ በኋላ ባለ አሥር ሲሊንደር ኤም5 አልተሠራም። ፍቅሩ ይገባኛል የምለው ለዚህ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ለምን ረከሰ?

መልሱ የመጀመሪያው ባለቤት ዘንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ብዙ ጊዜ የሚወሰደው በሊዝ ነው፤ ሰውየው ሦስት ዓመት ነድቶ ይመልሳል። ዋስትናው አራት ዓመት ወይም 50 ሺሕ ማይል ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መደበኛ ሰርቪሱንም ኩባንያው ነበር የሚሸፍነው። የመጀመሪያው ሰው ዘይት ለመቀየር እንኳ ኪሱ አልገባም። ባልደራሱ ፋብሪካው ነበር! ዋስትናው ሲያልቅ ባልደራሱ ሥራ ለቀቀ። ፈረሱ ግን ያው ገብስ በሊታ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ገዢ ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ እየሰበረ ነው የሚገዛው። የመኪናው ዋጋ ወረደ፤ የመለዋወጫውና የመካኒኩ ዋጋ ግን ያው የ80 ሺሕ ዶላር መኪና ዋጋ ሆኖ ቀረ።

እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ጋ በቀላሉ እንሳሳታለን። ለምን መሰላችሁ? ያደግነው መኪና ዋጋው በማይወርድበት አገር ነው። ቀረጡ ከባድ፣ ዶላሩ እጥረት ስለሆነ አንድ ቪትዝ ለዓመታት ተነድቶ ከተገዛበት በላይ ሲሸጥ አይተናል። «መኪና ንብረት ነው፣ ሲቸግርህ ትሸጠዋለህ» እየተባልን ነው ያደግነው። ለኛ አገር ገበያ ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን መኪና እንደ በረዶ ነው፤ እጅህ ላይ ይቀልጣል። ይዘኸው ወደ አገር ቤት ልትገባም አትችልም፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል።

ደግሞም አገራችን ውስጥ መኪና ስንገዛ ፍጥነቱን አንጠይቅም። የምንጠይቀው «መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል ወይ? የሰፈሩ መካኒክ ያውቀዋል ወይ?» ብለን ነው። ይቺ ጥበብ ባሕር ስንሻገር ለምን እንደምትጠፋን አይገባኝም። ቨርጂኒያም ውስጥ የሚጠየቀው እሷው ነበረች።

ይህ መኪና ምን ምን ያማዋል? ሞተሩን የሚያውቁ መካኒኮች በተደጋጋሚ የሚጠቅሷቸው እነዚህ ናቸው፦

1ኛ. የቢየላው ልባስ። ፒስተኑን የሚገፋው ቢየላ ከዋናው ዘንግ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስስ የብረት ልባስ አለ። ይህ ልባስ ቶሎ ያልቃል። በጊዜው ካልተቀየረ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል፤ የሞተሩ ዋጋ ደግሞ ከመኪናው ጋር የሚፎካከር ነው።

2ኛ. ካምቢዮው። ማርሹን በሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው የሚቀይረው። ፓምፑ ሲሞት መኪናው ቆሞ ይቀራል፤ ጥገናው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

3ኛ. አየር የሚያስገቡት ክፍሎች ሞተር። ትንሽ ዕቃ ናት፤ ስትበላሽ ግን መኪናው አቅሙን ያጣል።

4ኛ. ነዳጅ። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ከተማ ውስጥ በጋሎን 11 ማይል ነው። በኛ ሒሳብ በሊትር 5 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ያውም ውዱን ቤንዚን ነው የሚጠጣው።

ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ፦ አሁን አትግዛው።

ከ21 ሺሕ ላይ 17 ሺሕ ሲነሳ 4 ሺሕ ይቀራል። ከሷ ላይ የስም ማዛወሪያ፣ ታክስና ኢንሹራንስ ይወጣል። የቀረችው የካምቢዮ ፓምፕ እንኳ ላትቀይር ትችላለች። ኮሮላዋ ደግሞ ተራ መኪና አይደለችም፤ ሌሊት ዕቃ የሚያደርስባት የእንጀራ ገመዱ ናት። የእናቱ የቤት ኪራይና የእህቱ የኮሌጅ ክፍያ የሚላከው ከሷ ነው። ኤም5ቱ አንድ ወር ጋራዥ ቢቆም ክፍያው የሚቋረጠው እዚህ፣ ደብረ ብርሃን ነው። ይህን ስጽፍለት ብዙ ቆይቶ «ኮሮላዋን አስቤያት አላውቅም ነበር ቲቸር» አለኝ።

ለዘላለም ተወው አላልኩትም። አራት ነገር ሲሟላ ይግዛ አልኩት። አንድ፣ የመኪናው ዋጋ ያህል ሌላ ገንዘብ፣ ከቤተሰብ ድጋፍ ውጭ፣ በባንክ ሲኖረው። ሁለት፣ ሌላ የሥራ መኪና ሲኖረው። ሦስት፣ ልባሱ መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ የጋራዥ ወረቀት ያለው መኪና ሲያገኝ፤ «ተቀይሯል» የሚል አፍ ሳይሆን ወረቀት። አራት፣ ሻጩ ያላመጣው፣ ይህን ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ፈትሾ፣ የሞተሩ ዘይትም ላቦራቶሪ ተልኮ ውስጡ ከልክ ያለፈ የብረት ብናኝ እንደሌለ ከታየ በኋላ። ፍተሻው ጥቂት መቶ ዶላር ሊያስወጣው ይችላል፤ ሞተር ከመግዛት ይረክሳል። ሻጩ «አላስፈትሽም» ካለ መልሱ እዚያው ተገኘ።

የተሻለ መዝገብ ያለው 25 ሺሕ ቢባል እንኳን መዝገብ ከሌለው ባለ 17 ሺሕ የሚረክሰው እሱ ሊሆን ይችላል።

ባጭሩ፣ ያገለገለ ቅንጡ መኪና ስታዩ ዛሬ የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን አዲስ እያለ የነበረውን ዋጋ ጠይቁ፤ የምታስጠግኑት በዚያ ዋጋ ነው። ፈረሱን በርካሽ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ባልደራሱን ግን እንደ ጥንቱ በሙሉ ደመወዝ ነው የምትቀጥሩት።

ውጭ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ መኪና ይዛችሁ የተጠቀማችሁም የተቃጠላችሁም ካላችሁ ልምዳችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ልጁ ያነበዋል። ሌሎችም ለመግዛት ያሰቡ ይኖራሉና ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ሰንበት!