እናቱን ያጣው የዝሆን ግልገል

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ሴሲል ደ ብሩኖፍ ለሁለት ልጆቿ፥ አዳኝ እናቱን ስለ ገደለበት የዝሆን ግልገል ተረት ነገረቻቸው። ልጆቹም ለሠዓሊው አባታቸው ለዣን ቢያወሩለት፥ በሥዕል አስጊጦ በ1931 «የባባር ታሪክ» ብሎ አሳተመው። ግልገሉ ሸሽቶ ከማያውቀው ከተማ ይደርሳል፤ አንዲት አሮጊት ታስጠጋዋለች፤ በኋላም ዘመዶቹ አርተርና ሴሌስት ስለ መጡ ወደ ዱሩ ይመለሳል።

ሐዘኑ ግን በተረት ብቻ አልቀረም። ዣን በ1937 በሳምባ ነቀርሳ ሲሞት የበኵር ልጁ ሎራን የ12 ዓመት ብላቴና ነበረ። በ1946 የአባቱን ሥራ አንሥቶ ባባርን ቀጠለ፤ ራሱም በ2024 ዐረፈ።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሞትን ከሕፃን መሰወር አይቻልም፤ የሚቻለው ከሞት በኋላ የሚያስጠጋ እጅ መኖሩን ማሳየት ነው።