ባሕር ተሻግረው ያስተማሩ ሦስት መምህራን

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው የአባቶች ተረት እውነትነት አለው። ሰው የሚናፍቀው የተወለደበትን መንደር፣ ያደገበትን ደብር፣ የተማረበትን ጉባኤ ነው እንጂ ዓይኑ ያላየውን፣ እግሩ ያልረገጠውን ምድር አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ለሥራ ሲል ወደማያውቀው አገር ለመሄድ ሲነሣ ኃይሉን የሚያገኘው ከናፍቆት ሳይሆን ከሌላ ምንጭ ነው። ያ ምንጭ ድፍረት ነው ብሎ በአንድ ቃል መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ድፍረቱ ራሱ ከየት እንደሚገኝ ሳይመረመር መልሱ ሙሉ አይሆንም።

ብዙ ሰው ደፋር የሚባለው ፍርሃት የሌለበት ሰው ይመስለዋል። የታሪክ ምስክርነት ግን እንዲህ አይደለም። ከምሥራቅ አፍሪካ ምድር ተነሥተው ባሕር ተሻግረው በባዕድ አገር ያስተማሩ ሰዎች ኑሮ ሲመረመር፣ ድፍረት በመነሻው ዕለት አንድ ጊዜ ታይቶ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑ ይታወቃል። ለመሄድ ድፍረት ያስፈልጋል፤ በሄዱበት አገር ክብርን ጠብቆ ለመቆም ሌላ ድፍረት ያስፈልጋል፤ ለመመለስም እንዲሁ። ቀጥሎ ታሪካቸው የሚነገረው ሦስት መምህራን ይህን በኑሯቸው ያሳዩ ናቸው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የትውልድ አገራቸው አማራ፣ ደብራቸውም መካነ ሥላሴ ነበር። አፄ ፋሲል በ1632 ከነገሡ በኋላ የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከኢትዮጵያ እንዲወጡ ሲደረግ፣ አባ ጎርጎርዮስ ከእነርሱ ጋር ወዳጅነት ስለ ነበራቸው እርሳቸውም አገራቸውን ትተው ወጡ። በኋላም ሮማ ገብተው ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጋር ተቀመጡ። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባለው ወጣት የጀርመን ሊቅ በ1649 ያገኛቸው በዚሁ ገዳም ነበር። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት አጥንቶ ያነብ ነበር እንጂ ሲነገር ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ወጣቱ ያነበበውን በአፉ መናገር አቃተው፤ መነኩሴውም የወጣቱን ቋንቋ አያውቁም ነበር። ሆኖም ትምህርቱ ከዚያ ተጀመረ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ጀርመን አገር ጋበዛቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ጀርመን ለሠላሳ ዓመት ከቆየ ጦርነት የወጣችው ገና አራት ዓመት ብቻ አልፎ ስለ ነበረ፣ መንገዱ ለመንገደኛ የሚያስደስት አልነበረም። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር ከሉዶልፍ በቀር አይገኝም ነበር ለማለት ይቻላል። ሆኖም ተነሡ። በጎታ ቤተ መንግሥት ለጥቂት ወራት ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፣ ሥርዐተ መንግሥትና ልማድ የሚጠየቁትን እየመለሱ፣ የሀያ ስምንት ዓመቱን ተማሪ ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት።

እኒህ መነኩሴ ለመሄድ የደፈሩት ሀብት ወይም ሹመት ስለ ተሰጣቸው አይመስልም። ከአገራቸው በስደት ሲወጡ ማንም ሊነጥቃቸው ያልቻለ አንድ ነገር ይዘው ነበር፤ እርሱም ቋንቋቸውና የአገራቸው እውቀት ነው። በጎታ ይህን እውቀት ከእርሳቸው በቀር ሊሰጥ የሚችል አልነበረም። ሰው በእጁ ያለው ነገር ለሌላው እንደሚያስፈልግ ሲያውቅ እግሩ ይጸናል። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ሉዶልፍ ግን ከእርሳቸው የተማረውን ይዞ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። መምህሩ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ ትምህርታቸው መጽሐፍ ሆኖ ወጣ ማለት ነው።

ሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ጀርመን የአፍሪካን ቋንቋ የምትፈልገው ለእውቀት ብቻ መሆኑ ቀረ። በ1887 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዓላማውም ለዲፕሎማሲ፣ ለንግድና ለቅኝ ግዛት አስተዳደር የሚላኩትን ሰዎች ቋንቋ ማስተማር ነበር። እንደ ትምህርት ቤቱ ደንብ ጀርመናዊው መምህር ሰዋስውን ሲያስረዳ፣ የቋንቋው ተወላጅ የሆነ ሌላ መምህር አጠገቡ ሆኖ ተማሪዎቹን በአፍ ያለማምዳቸው ነበር። ይህ ሁለተኛው «ሌክቶር» ይባላል። ቋንቋውን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እርሱ ሲሆን በማዕርግ ግን የበታች ነበር።

የስዋሂሊ ቋንቋን እንዲያስተምሩ ወደዚህ ትምህርት ቤት ከሄዱት አንዱ ምቶሮ ቢን ምዊኒ ባካሪ ናቸው። በዛሬይቱ ታንዛንያ የባሕር ዳርቻ፣ በባጋሞዮ አጠገብ፣ በ1869 ገደማ ተወለዱ። የእስልምናን ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። በ1900 ወደ በርሊን ሄደው የሌክቶርነት ሥራ ጀመሩ። በዚያም ሳሉ ስለ ወገኖቻቸው ልማድ፣ ስለ ልደትና ስለ ጋብቻ፣ ስለ እርሻና ስለ ንግድ፣ ስለ ዳኝነትና ስለ ቀብር በስዋሂሊ ጻፉ፤ ሌሎች ወገኖቻቸው የሰጡትም ቃል ተጨመረበት። የክፍሉ ጀርመናዊ መምህር ካርል ፌልተን አዘጋጅቶ በ1903 ያሳተመው ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ የምሥራቅ አፍሪካን ባሕር ዳርቻ ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ ሳያየው የማያልፈው ሆኗል።

የምቶሮ ፈተና ግን ከመንገዱ ይልቅ በክፍሉ ውስጥ ነበር። በፊታቸው የሚቀመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ የምቶሮን አገር ሊያስተዳድሩ የሚዘጋጁ መኰንኖችና ሹማምንት ናቸው። መምህሩን የሚያዩት እንደ መምህር ሳይሆን ነገ እንደሚገዙት ሕዝብ አንድ ሰው አድርገው ነበር። ምቶሮ ለመምህር የሚገባው አክብሮት እንዲሰጣቸው ጠየቁ፤ የጠየቁትን ስላላገኙ በ1905 ሥራቸውን ለቀቁ። በባዕድ አገር፣ ቤተሰብ ይዞ፣ ደመወዝን መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ዓመት አስቀድመው የጀርመን ሴት አግብተው ነበርና ከሚስታቸው ጋር ወደ አገራቸው ለመመለስ ተሳፈሩ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ግን ነጭ ሴት ያገባ ጥቁር ሰው ከነሚስቱ እንዲገባ አልፈቀደምና ከትውልድ አገራቸው ደጃፍ ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በጀርመን እየተዘዋወሩ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ንግግር እያደረጉ፣ ከ1909 ጀምሮም በሃምቡርግ የቅኝ ግዛት ኢንስቲቱት እንደ ገና ስዋሂሊ እያስተማሩ ኖሩ። በ1927 በበርሊን ሞቱ። ከእርሳቸው ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ጣፋጭ ብቻ አይደለም። እውቀታቸውን የሰጡት አገራቸውን ለያዘው ኃይል ነበርና፣ ሥራው ራሱ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ነበረበት። ሆኖም እንጀራና ክብር በአንድ ሚዛን ላይ በተቀመጡበት ዕለት የመረጡት ክብርን ነው። የመነሻቸው ዕለት ድፍረት ከዚህኛው ጋር ቢነጻጸር ትንሽ ነበር ማለት ይቻላል።

ምቶሮ ከበርሊን ትምህርት ቤት በለቀቁበት በዚያው በ1905 ሌላ መምህር ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ፤ እርሳቸውም አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በፍሪድሪኽ ሮዘን የተመራ የጀርመን መልእክተኛ ጓድ አዲስ አበባ ገብቶ ከአፄ ምኒልክ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተዋውሎ ነበር። የጀርመን መንግሥት ግዕዝና አማርኛ የሚያስተምር ሊቅ እንዲላክለት ስለ ጠየቀ ንጉሠ ነገሥቱ አለቃ ታዬን መረጡ።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። አለቃ ታዬ በ1861 ገደማ በበጌምድር በይፋግ አውራጃ ቀሮዳ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። በኋላም ወደ ውስጥ አገር ተመልሰው በበጌምድርና በጎጃም ከአብያተ ክርስቲያናቱ መምህራን ዘንድ የአገራቸውን የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት ተማሩ። ስለዚህ ከሁለት ምንጭ የጠጡ ሰው ነበሩ። የግዕዝን አገባብ በአማርኛ የሚያስረዳው መጽሐፈ ሰዋስው የተባለው ሥራቸው በዚያው በምንኩሉ ታትሞ ስማቸውን አስጠርቶ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁለት ዐይነት ትምህርት ክስ አመጣባቸው። ሃይማኖት ለውጠዋል እየተባሉ ሲከሰሱ፣ አፄ ምኒልክ ማንም እንዳይነካቸው የጥበቃ ደብዳቤ ጽፈው ሰጧቸው።

በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ጉዞው ምን እንደሚመስል ማሰብ ይገባል። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ መንገደኛው እስከ ድሬዳዋ ድረስ በበቅሎ ከብዙ ቀን ጉዞ በኋላ፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወርድና በመርከብ ቀይ ባሕርንና የስዊዝን ቦይ አልፎ ወደ አውሮፓ ይሻገር ነበር። አለቃ ታዬ በዚያን ጊዜ ዐርባ አራት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። በዚህ ዕድሜ ብርዱን የማያውቁት አገር፣ ጾሙንና በዓሉን የማይጋራ ሕዝብ፣ ፊደሉ የማይነበብ ቋንቋ ይጠብቃቸው ነበር። የሚፈራ ነገር አልነበረም ማለት አይቻልም።

ነገር ግን ሁለት ነገር አጽንቷቸው ነበር ማለት ይቻላል። አንደኛው ከምቶሮ የሚለያቸው ነው፤ አለቃ ታዬ የተላኩት ነጻነቱን በዐድዋ ካስከበረ መንግሥት፣ በንጉሣቸው ቃል ነበርና፣ በበርሊን ክፍል ውስጥ ሲቆሙ ከኋላቸው አገር ቆሞ ነበር። ሁለተኛውም ገና በልጅነታቸው ከይፋግ ተነሥተው እስከ ምጽዋ መውረዳቸው ነው። ከቤት መራቅን አንድ ጊዜ የተማረ ሰው ሁለተኛው መንገድ እንደ ፊተኛው አያስደነግጠውም።

በበርሊን እስከ 1908 አስተማሩ። የሴም ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ኦይገን ሚትቮኽ ከእርሳቸው ጋር እየሠራ፣ ከአፋቸው የሰማውን የሕዝብ አማርኛ ናሙና በ1907 አሳተመ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እስከዚያ ድረስ በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የሚታወቀው ኢትዮጵያ በብራና የጻፈችው ነበር፤ አለቃ ታዬ ግን በገበያና በምድጃ ዙሪያ የሚነገረውን ቋንቋ ይዘው ቀረቡ። መምህር ሆነው የሄዱት ሰው ተማሪም ሆነው ኖሩ፤ በዚያ የሚገኙትን የግዕዝ መጻሕፍትና የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ኢትዮጵያ የጻፉትን ለማየት ዕድል አገኙ።

በ1908 አለቃ ታዬ ተመለሱ። ከመሄድ ይልቅ ይህ መመለስ የበለጠ ድፍረት የጠየቀ ሊሆን ይችላል። በበርሊን ሥራና ክብር ነበራቸው፤ በአገራቸው የሚጠብቃቸው ግን ያው የቆየ ክስ ነበር። ጠባቂያቸው የነበሩት አፄ ምኒልክ ብዙም ሳይቆዩ በሕመም ደከሙ፤ በአለቃ ታዬም ላይ የሃይማኖቱ ነገር እንደ ገና ተነሥቶ ታስረው ተንገላቱ። ሆኖም የጀመሩትን የታሪክ ሥራ አልተዉም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1922 በአሥመራ ታተመ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ እርሳቸው ዐረፉ። ስለ ነገዶች አመጣጥ የጻፉት አንዳንዱ ነገር በኋላ ዘመን ሊቃውንት ዘንድ የታሪክ ማስረጃ የለውም ተብሎ ተነቅፏል፤ መጽሐፉ ግን ደጋግሞ እየታተመ ብዙ ትውልድ አንብቦታል።

እንግዲህ ሦስቱ መምህራን አንድ ዐይነት ዕድል አላጋጠማቸውም። አንዱ በመመለሻው መንገድ ባሕር በላቸው፤ አንዱ ከአገራቸው ደጃፍ ተመለሱ፤ አንዱ ተመልሰው እስር ቆያቸው። የሄዱበት ጉዞ ሁሉ በደስታ የሚፈጸም ቢሆን ኖሮ ድፍረት ባላስፈለገም ነበር። ለመንገድ ስንቅ የሆናቸው ግን በሦስቱም ዘንድ አንድ ነው፤ ይኸውም ከእናታቸው አፍና ከመምህራቸው እግር ሥር ያገኙት እውቀት ነው። ስንቁን ንቆ የወጣ ሰው በሰው አገር ለማኝ ይሆናል፤ ዋጋውን ዐውቆ የወጣ ግን በሰው አገርም መምህር ነው።

አለቃ ታዬ ከበርሊን በተመለሱበት በ1908 በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን በሐና ሳሊብ ቤይ የሚመሩ ግብፃውያን ነበሩ። እነርሱም ደግሞ ቤታቸውን ትተው፣ አየሩን ወደማያውቁት ደጋ ወጥተው፣ ቋንቋቸውን የማይሰማ ልጅ ፊት የቆሙ ሰዎች ናቸው። አንድ አገር መምህሩን ወደ ባዕድ አገር ሲልክ፣ በዚያው ጊዜ የሌላ አገር መምህር ወደ እርሱ ይመጣል። ዛሬም የሹመት ደብዳቤውን በእጁ ይዞ ወደ ሩቅ አገር ለመነሣት የሚያመነታ ወጣት መምህር ፍርሃቱን የድካም ምልክት አድርጎ እንዳይቈጥረው ይገባል። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ምን ይዤ እሄዳለሁ? ክብሬ ቢነካ እንዴት እቆማለሁ? ያገኘሁትንስ ለማን እመልሳለሁ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ሰው ስንቁ ተሰንቋል፤ የቀረው ጫማውን አጥብቆ መነሣት ብቻ ነው።